ለድርጅት የሚገዛ ሰው ከዌብሳይታችሁ ምን ይዞ ይወጣል?

ለቤቱ ፕሪንተር የሚገዛ ሰው ራሱ አይቶ፣ ራሱ ወዶ፣ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ቢሳሳትም የሚናደደው በራሱ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ 40 ፕሪንተር የሚገዛው ግን ሌላ ጣጣ አለበት። ገንዘቡ የእሱ አይደለም። ውሳኔውም የእሱ ብቻ አይደለም። ዌብሳይታችሁን ሲከፍት ከኋላው አለቃው አለ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ አለች፣ ማሽኑን በየቀኑ የሚጠቀሙት ሠራተኞች አሉ፣ አንዳንዴም ውሉን ቃል በቃል የሚያነብ የሕግ ባለሙያ አለ። እነዚህ ሰዎች ገጻችሁን ጨርሶ ላያዩት ይችላሉ። የሚሰሙት እሱ የሚነግራቸውን ነው።

ጋርትነር የተባለው የጥናትና የማማከር ድርጅት እንደሚለው፣ ውስብስብ በሆነ የድርጅት ግዥ ከ6 እስከ 10 ሰዎች በውሳኔው ይሳተፋሉ። ይኸው ድርጅት ያወጣው ሌላ ቁጥርም አለ። ገዢዎች ለግዥው ከሚያጠፉት ጊዜ ውስጥ ከሻጮች ጋር ተገናኝተው የሚነጋገሩት 17 በመቶውን ብቻ ነው። ያውም ይህ 17 በመቶ ለሚወዳደሩት ሻጮች ሁሉ የሚከፋፈል ነው። የቀረው ጊዜ በማንበብ፣ በማወዳደርና እርስ በርስ በመከራከር ያልቃል። ምላሱ የተባ የሽያጭ ሠራተኛ ቢኖራችሁ እሰየው። ግን አብዛኛው ነገር የሚወሰነው እሱ በሌለበት ነው።

ብዙ የድርጅት ዌብሳይቶች ገዢውን ረስተው የተጻፉ ናቸው። ለማን ተጻፉ ካላችሁ፣ ለራሱ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ። እሱ ሲያነበው ደስ ይለዋል። ገዢው ግን ወስዶ ለአለቃው የሚነግረው ጠብ የሚል ነገር አያገኝም። እኔ እንዲህ ዓይነት ገጽ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ያነበበ ሰው ስብሰባ ገብቶ በራሱ አፍ ምን ማለት ይችላል?

አያነብም፣ ይቃኛል

ሰው ዌብሳይት ላይ እንደ መጽሐፍ አያነብም። ይህ የታወቀው ዛሬ አይደለም። የዌብሳይት አጠቃቀም አጥኚዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ጆን ሞርክስ በ1997 (እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንደዚያው ናቸው) ባወጡት ጥናት፣ ከተፈተኑት ሰዎች 79 በመቶዎቹ አዲስ ገጽ ሲከፍቱ በዓይናቸው ቃኝተው ነው ያለፉት። ቃል በቃል ያነበቡት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከዚህ ቁጥር ይልቅ እኔን የሚማርከኝ በዚያው ጥናት ውስጥ ያለው ሙከራ ነው። አጥኚዎቹ ስለ አሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት የቱሪስት መስህቦች የሚያወራ አንድ ጽሑፍ ወሰዱ። አንደኛውን ቅጂ በተለመደው የማስታወቂያ ቋንቋ፣ በውዳሴ ሞልተው ጻፉት። ከዚያ ያንኑ መረጃ በሌሎች መንገዶች ደጋግመው ጻፉት። ቃላቱን በግማሽ ሲቀንሱት ገጹ ለአጠቃቀም ያለው ምቾት በ58 በመቶ ተሻሻለ። ርዝመቱ እንዳለ ሆኖ በንዑስ ርዕስና በዝርዝር ለዓይን እንዲመች ሲያደርጉት በ47 በመቶ ተሻሻለ። ውዳሴውን አውጥተው ፍሬ ነገሩን ብቻ ሲተዉት በ27 በመቶ። ሦስቱንም አንድ ላይ ሲያደርጉ ደግሞ በ124 በመቶ።

ውዳሴን ማውጣት ለምን ያንን ያህል ይረዳል? አንባቢው «ድንቅ»፣ «ወደር የለሽ»፣ «እጅግ ዘመናዊ» የሚሉትን ባየ ቁጥር ትንሽ ይቆማል። እውነት ይሆን? ማን አለ? እያለ በልቡ ያጣራል። ይህ ማጣራት ጉልበት ይወስዳል። ለድርጅት የሚገዛ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ አጣሪ ነው። የሚከፈለውም ለዚሁ ነው። «ወደር የለሽ» የሚለውን ቃል ስብሰባ ላይ ቢደግመው ይሳቅበታል እንጂ ማንም አይጽፍለትም።

በ2006 ደግሞ ኒልሰንና ባልደረቦቹ የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትለው አንድ ነገር አዩ። ዓይን መጀመሪያ ከላይ ባለው መስመር አግድም ይሄዳል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ጊዜ አግድም ይሄዳል፣ ግን አጠር ይላል። ከዚያ በኋላ የግራውን ጠርዝ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ቅርጹ የላቲኑን «ኤፍ» ፊደል ይመስላል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከላይ ያሉት ሁለት አንቀጾችና የየመስመሩ የመጀመሪያ ቃላት ይነበባሉ። የቀረው ዕድሉን ይጠብቃል። ሁለት ዓመት ቆይቶም ኒልሰን በአማካይ ጉብኝት ሰው ገጹ ላይ ካሉት ቃላት ቢበዛ 28 በመቶውን ነው የሚያነበው ሲል አስልቷል። ወደ 20 በመቶ የመሆኑ ዕድል ሰፋ ያለ ነውም ብሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ይቃኛል ማለት ምንም አያነብም ማለት አይደለም። የፈለገውን እስኪያገኝ ነው የሚቃኘው። ሲያገኘው ቁጭ ብሎ ያነባል። የቴክኒክ ባለሙያ አንድ የስፔክ (የዕቃው ቴክኒካዊ ዝርዝር) ሠንጠረዥ ላይ ሩብ ሰዓት ሊያፈጥ ይችላል። ስለዚህ «ሰው ስለማያነብ ሁሉንም ነገር በሁለት መስመር ጨርሱ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ዝርዝሩ ይኑር። ግን የሚፈልገው ሰው በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይኑር።

የመጀመሪያው አንቀጽ

እስቲ ይህን ተመልከቱ።

«ድርጅታችን የዘመኑን ቴክኖሎጂ በመጠቀም፣ ልምድ ባካበቱ ባለሙያዎች፣ የደንበኞቹን ፍላጎት ያማከለ፣ ጥራቱን የጠበቀና አስተማማኝ አገልግሎት በመስጠት በዘርፉ ግንባር ቀደም ለመሆን ሌት ተቀን የሚተጋ ድርጅት ነው።»

ይህ ድርጅት ምን ይሸጣል? ፓምፕ? የሒሳብ ሶፍትዌር? የጥበቃ አገልግሎት? አይታወቅም። ሾላ በድፍን ነው። ስሙን ቀይራችሁ ለየትኛውም ድርጅት ብትለጥፉት ይሄዳል። ደግሞስ «እኛ ጥራት የሌለው አገልግሎት የምንሰጥ ሰነፎች ነን» የሚል ድርጅት የት አለ? ተቃራኒውን ማንም የማይለው ዓረፍተ ነገር መረጃ አይደለም።

አማርኛ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር አንባቢው ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጓዛል። ዓይኑ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ለሚያርፍ ሰው፣ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ፍሬ ነገር የለም ማለት ነው። ስለዚህ በአማርኛ ለዌብሳይት ስንጽፍ ዓረፍተ ነገርን ማሳጠር የምርጫ ጉዳይ አይመስለኝም። የብሪታንያ መንግሥት ዌብሳይት የጽሑፍ መመሪያ ከ25 ቃላት የበለጠ ዓረፍተ ነገር እንዲከፈል ይመክራል። በአማርኛ አንድ ቃል የእንግሊዝኛን ሁለት ሦስት ቃል ስለሚሸከም ከዚያም ማነስ አለበት። እኔ ከ15 ሲያልፍብኝ መቀሱን አነሳለሁ።

ያንኑ አንቀጽ የፓምፕ ሻጭ ነው ብለን እንደገና እንጻፈው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው።

«ለፋብሪካና ለሕንፃ የሚሆኑ የውሃ ፓምፖች እንሸጣለን፣ እንተክላለን፣ እንጠግናለን። ከ2 እስከ 75 ኪሎዋት። መጋዘን ውስጥ ያለ ፓምፕ በ5 የሥራ ቀን ይደርሳል። የእያንዳንዱ ሞዴል የመለዋወጫ ዝርዝር ከነዋጋው ገጹ ላይ አለ። ለቤት የሚሆን አነስተኛ ፓምፕ የለንም።»

አሁን ገዢው ስብሰባ ገብቶ የሚለው አለው። «75 ኪሎዋት ድረስ አላቸው፣ ተከላውንም ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት፣ በ5 ቀን ያደርሳሉ።» አለቀ። ይህን ለመናገር ማስታወሻ እንኳ አያስፈልገውም።

የመጨረሻዋን መስመር ልብ በሉ። «ለቤት የሚሆን የለንም» ብሎ መጻፍ ብዙ ሥራ አስኪያጆችን ያስፈራል። ደንበኛ እናባርራለን ይላሉ። አዎ፣ ለቤቱ ፓምፕ የሚፈልገውን ያባርራል። እሱ ግን ድሮም የእናንተ ደንበኛ አልነበረም። የሚመለከተው ሰው ደግሞ «እነዚህ ሥራቸውን ያውቁታል» ይላል። የማይሠሩትን በግልጽ የሚናገሩ ሰዎች፣ እንሠራለን ያሉት ላይ ይታመናሉ።

ሌላም ጉዳይ አለ። ሰው ሁልጊዜ በዋናው ገጽ በኩል አይገባም። ጎግል ላይ ፈልጎ በቀጥታ አንድ የምርት ገጽ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ወይም የሥራ ባልደረባው በኢሜይል የላከለትን ሊንክ ተጭኖ ነው የመጣው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ብቻውን መቆም አለበት። ማን እንደሆናችሁ፣ ይህ ዕቃ ምን እንደሆነና ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚቻል እዚያው ላይ በአጭሩ ይኑር።

ዋጋውስ?

ለድርጅት የሚሸጡ ዌብሳይቶች ላይ በብዛት የሚጎድለው ነገር ዋጋ ነው። «ለዋጋ ያነጋግሩን» የሚል በተን ብቻ ይቀመጣል። ምክንያቱ ይገባኛል። ዋጋው እንደ ብዛቱ፣ እንደ ቦታውና እንደ ተከላው ይለያያል። ተፎካካሪ እንዳያይም ይፈራል። (ተፎካካሪ ግን ዋጋችሁን ያውቀዋል። አንድ የሚያውቀው ሰው ልኮ ፕሮፎርማ አስወስዷል።)

በገዢው ቦታ ሆናችሁ እዩት። አለቃው «እስቲ ምን ያህል ገደማ እንደሚፈጅ አጣራልኝ» ብሎታል። ገና በጀት አልተያዘም። ገና ዕቃው ይገዛ አይገዛ አልተወሰነም። ከሻጭ ጋር በስልክ የሚደራደርበት ጊዜ አይደለም፣ ደውሎ በየቀኑ እንዲደወልለትም አይፈልግም። የሚፈልገው ግርድፍ ቁጥር ነው። አንዱ ዌብሳይት ላይ አገኘ፣ ሌላው ላይ አላገኘም። ሻጮችን በሚያወዳድርበት ሠንጠረዥ ላይ የትኛው ይገባል? ባዶ ሳጥን የተሰጠው ድርጅት ውድድሩ ሳይጀመር ወጣ።

ትክክለኛውን ዋጋ መጻፍ ካልተቻለም መንገድ አይጠፋም። የመነሻ ዋጋ መጻፍ ይቻላል። ከዚህ እስከዚህ ማለት ይቻላል። አንድ የተለመደ ሥራ ወስዶ «ይህን ያህል ብዛት፣ ከነተከላው፣ ይህን ያህል ወጣ» ብሎ ማሳየት ይቻላል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ምን እንደሆነ መዘርዘርን ነው። ገዢው ያንን ካወቀ «ተከላውን በራሳችን ሰው ብናሠራው ይቀንሳል» ብሎ ለፋይናንስ ኃላፊዋ ማስረዳት ይችላል። ይኼኔ የእናንተን ሥራ እየሠራላችሁ ነው።

ዋጋ ከተጻፈ ደግሞ ምንን እንደሚጨምር ይጻፍ። በዓለም አቀፍ ንግድ ላይ ያለ ሰው ይህን አበጥሮ ያውቀዋል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣው ኢንኮተርምስ 2020 ውስጥ 11 የርክክብ ደንቦች አሉ። በአንደኛው ጫፍ ሻጩ ዕቃውን በራሱ መጋዘን ላይ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪ የገዢው ነው። በሌላኛው ጫፍ ሻጩ የጉምሩክ ቀረጡን ሳይቀር ከፍሎ ገዢው ደጃፍ ድረስ ያመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ቀላል አይደለም። የርክክቡ ሁኔታ ያልተጠቀሰበት ዋጋ ግማሽ ዋጋ ነው።

የማድረሻ ጊዜም እንዲሁ ነው። «ከ4 እስከ 6 ሳምንት» ከመቼ ጀምሮ? ትዕዛዝ ከተሰጠ? ቅድመ ክፍያ ከገባ? ንድፉ ከጸደቀ? ይህች አንዲት ሐረግ ጎድላ ስንት ጭቅጭቅ እንደምታመጣ የግዥ ሠራተኛ የሆነ ሰው ይነግራችኋል።

ቁጥሩን ፍቱለት

ቁጥር ጥሩ ነው። ግን ሁሉም ቁጥር ራሱን አያስረዳም።

የሶፍትዌርና የሰርቨር አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች «99.9 በመቶ አገልግሎታችን አይቋረጥም» ማለት ይወዳሉ። ለጆሮ ደስ ይላል። እስቲ እናስላው። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። የዚህ 0.1 በመቶ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። ማለትም አገልግሎቱ በዓመት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ያህል ቢጠፋ ቃል አልፈረሰም። በ30 ቀን ወር ሲታሰብ ወደ 43 ደቂቃ ነው። 99.99 በመቶ ሲሆን ደግሞ በዓመት 53 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ ሲጻፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሰዓት ሲጻፍ ግን ሰማይና ምድር ነው።

ገጹ ላይ ምን ይጻፍ? «99.9 በመቶ፤ ይህም በወር ቢበዛ 43 ደቂቃ መቋረጥ ማለት ነው። አስቀድመን ያሳወቅነው የጥገና ሰዓት በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ከዚህ ካለፈ ከወርሃዊው ክፍያ ላይ ይህን ያህል እንመልሳለን።» የቴክኒክ ኃላፊው መቶኛውን ያያል፣ ሥራ አስኪያጁ 43 ደቂቃውን ያያል፣ ፋይናንሷ የሚመለሰውን ገንዘብ ታያለች። ሦስት ሰው በአንድ አንቀጽ። ስለ ጥገናው ሰዓት ያለውን ነገር መደበቅ አያዋጣም። ውሉ ላይ ሲገኝ ነው ጉዱ የሚፈላው።

ሌላ ምሳሌ። አንድ መሣሪያ «ውሃ የማይገባው» ነው ይባላል። ዝናብ? ወይስ ጎርፍ? «አይፒ67» ተብሎ ሲጻፍ ግን ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው ደረጃ ነው። 6ቱ አቧራ ጨርሶ አይገባውም ማለት ነው። 7ቱ ደግሞ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ አይጎዳም ማለት ነው። መሐንዲሱ «አይፒ67» የሚለውን ይፈልጋል። ጨረታው ላይም የተጻፈው ያ ነው። አለቃው ግን የሚገባው አንድ ሜትሩና ግማሽ ሰዓቱ ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከአንድ መስመር አይበልጥም።

ስለ ሙያ ቃላት ሁልጊዜ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ሁሉም ሰው እንዲገባው የሙያ ቃል አውጡ» ይላል። ሌላው «ደንበኞቻችን ባለሙያዎች ናቸው፣ ቀለል ካደረግነው ይንቁናል» ይላል። ሁለቱም ትንሽ ስተዋል። ባለሙያው የሙያውን ቃል ካላገኘ ትክክለኛ ቦታ መምጣቱን ይጠራጠራል። ጎግል ላይም የፈለገው በዚያው ቃል ነው። ግን ባለሙያ ስለሆነ የተወሳሰበ ዓረፍተ ነገር ይወዳል ማለት አይደለም። እሱም ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ግልጽ ቋንቋ በ2023 ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ከአይኤስኦ የራሱ ደረጃ ወጥቶለታል፣ አይኤስኦ 24495-1 ይባላል። የሚጠይቀውም አንባቢው የሚፈልገውን እንዲያገኝ፣ ያገኘውን እንዲረዳና እንዲጠቀምበት ነው። የሙያ ቃሉን ያዙ፣ ዙሪያ ጥምጥሙን ጣሉ።

ማስረጃ

«ብዙ ደንበኞች አሉን» ማለት ማስረጃ አይደለም። የደንበኞች ሎጎ መደርደርም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ምን ሸጣችሁላቸው? ትልቅ ሥራ ወይስ አንድ ኬብል?

የሚሠራው አጭር የሥራ ታሪክ ነው። ደንበኛው ምን ቸግሮት ነበር፣ ምን ተደረገ፣ ስንት ጊዜ ፈጀ፣ ምን ተለወጠ፣ ምን አስቸገረ። ያስቸገረውን መጻፍ የሚያስፈራ ይመስላል። እኔ ግን ሁሉም ነገር ያለ እንከን የተጠናቀቀበት ታሪክ ሳነብ አላምንም። የግዥ ሠራተኛም አያምንም፣ ስንት ፕሮጀክት ሲዘገይ ያየ ሰው ነው። ደንበኛው ስሙ እንዲጠቀስ ካልፈቀደ ዘርፉንና መጠኑን ጽፎ ስሙን መተው ይቻላል። ስም መፍጠር ግን አይቻልም።

የምስክር ወረቀት ላይ ደግሞ ብዙ ገጾች ይሳሳታሉ። «ምርታችን የአይኤስኦ 9001 ማረጋገጫ አለው» ይላሉ። አይኤስኦ 9001 ግን ምርትን አይመለከትም። የድርጅቱን የጥራት አስተዳደር ሥርዓት ነው የሚመለከተው። አይኤስኦ ራሱም የምስክር ወረቀት አይሰጥም። ደረጃውን ያወጣል፣ መርምረው የሚሰጡት ሌሎች ገለልተኛ ድርጅቶች ናቸው። ይህን የሚያውቅ ገዢ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያይ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል። ማን እንደሰጠው፣ የትኛውን ሥራና ቅርንጫፍ እንደሚሸፍን፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይጻፍ። ቅጂውም ከነሊንኩ ይቀመጥ።

ሊንክ፣ ፒዲኤፍና ፎርም

«እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ የት እንደሚወስድ አይናገርም። ገጹን እየቃኘ ለሚያልፍ ዓይን ምንም አይሰጥም። ማየት የተሳነው ሰው ደግሞ ገጹን በሚያነብለት ሶፍትዌር አማካይነት የሊንኮቹን ዝርዝር ብቻ ማዳመጥ ይችላል። «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» ብቻ ይሰማል። «የ2 ዓመት ዋስትናው ምን ይሸፍናል» የሚል ሊንክ ለሁሉም ይበጃል።

ስፔኩን ፒዲኤፍ ውስጥ ብቻ መቅበርም የተለመደ ነው። ፒዲኤፍ አይጠቅምም አልልም። ገዢው አውርዶ ከኢሜይል ጋር አያይዞ ይልከዋል፣ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። በስልክ ለማንበብ ግን ስቃይ ነው። ዋናው መረጃ ገጹ ላይ ይሁን፣ ፒዲኤፉ ለመላክ ይሁን። ሠንጠረዡም ሥዕል አይሁን። ገዢው ወደ ኤክሴል ሊገለብጠው ሲሞክር አንድ ቁጥር እንኳ ካልተመረጠለት በእጁ ሊጽፈው ነው፣ ወይም ሊተወው።

ከዚያ ፎርሙ። ሰውዬው አንብቦ፣ ወዶ፣ ዋጋ ሊጠይቅ ደረሰ። 14 ጥያቄ ያለበት ፎርም ወጣለት። የሥራ መደብ፣ የድርጅቱ የሠራተኛ ብዛት፣ የዓመት ገቢ፣ ስለ እኛ ከማን ሰሙ። ከዚህ ውስጥ ዋጋ ለመስጠት የግድ የሚያስፈልገው ስንቱ ነው? አላስፈላጊ ሳጥን ዋጋ ያስከፍላል። ኤክስፒዲያ የተባለው የጉዞ ድርጅት ከፎርሙ ላይ አንዲት ሳጥን በማንሳቱ በዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ትርፍ ማግኘቱን ተናግሯል። ሳጥኗ «ኩባንያ» የምትል ነበረች፣ ያውም መሙላት ግዴታ አልነበረም። ደንበኞች ግን የካርዳቸውን ባንክ ስም የምትጠይቅ መስሏቸው የባንካቸውን ስም ይጽፉ ነበር። ቀጥሎ አድራሻ ሲጠየቁም የባንኩን አድራሻ ይሞላሉ። የካርዱ አድራሻ ስለማይገጥም ክፍያው ይወድቃል።

ፎርሙ ስር አንድ ነገር ይጨመር። ከላከ በኋላ ምን ይሆናል? ማን ያናግረዋል፣ በስንት ቀን፣ በስልክ ነው በኢሜይል? «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ከማለት «እስከ ነገ ማታ ፕሮፎርማውን በኢሜይል እንልካለን፣ ካልጠየቁን በስልክ አንደውልም» ማለት ይሻላል። አለቃው «ምን ላይ ደረሰ?» ሲለው መልስ አለው።

ከየት ይጀመር

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ብዕር አንስቶ ማሰላሰል አያስፈልግም። ጽሑፉ ግማሹ ድርጅታችሁ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። የሽያጭ ሠራተኞች የላኳቸውን ኢሜይሎች አውጡ። ገዢዎች ደጋግመው የጠየቁትን እዩ። «መለዋወጫ ታመጣላችሁ?» «የድሮውን ማሽን ትወስዱልናላችሁ?» «ሠራተኞቻችንን ታሠለጥናላችሁ?» ሠራተኛው የመለሰላቸው መልስ ብዙ ጊዜ ከዌብሳይቱ ጽሑፍ በጣም ይሻላል፣ ለሰው የተጻፈ ስለሆነ። ቁልጭ ያለውን መልስ ወስዳችሁ፣ የደንበኛውን ስምና የግል ጉዳይ አውጥታችሁ፣ ገጹ ላይ አድርጉት። ስልክ የምታነሳውን ልጅም ጠይቋት። ሰው ምን እንዳልገባው ከማርኬቲንግ ክፍሉ በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ከዚያ ዕቃውን የማያውቅ አንድ ሰው ፈልጉ። ገጹን ለሦስት ደቂቃ ይይ፣ ከዚያ ዝጉበት። «ይህን ለአለቃህ አስረዳ» በሉት። የሚናገረውን ሳታርሙ አዳምጡ። የዘለለውን ወይ አላየውም፣ ወይ አልገባውም።

ዋጋ፣ የማድረሻ ጊዜና ዋስትና ያለባቸውን ገጾች በየጊዜው የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። «ማርኬቲንግ ክፍል» ከተባለ ማንም አያየውም፣ በስም ይመደብ። የድርጅት ግዥ ወራት ይፈጃል። ገዢው ዛሬ የወሰደው ቁጥር በጀት ውስጥ የሚገባው ከሦስት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል። ዋጋው አጠገብ «እስከዚህ ቀን የጸና» ተብሎ ቀኑ ቢጻፍ፣ ቁጥሩ ሲለወጥ አለቃው ፊት አይደናገርም፤ ከማጽደቃቸው በፊትም አዲሱን ለመጠየቅ ይደውላል።